ከበሩ ሥር የሚያልፍ ገመድ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4። አዋሽ፣ ጠዋት።

…ሐ. ጫማውን የሚያወልቀው ግን ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ዘፈን በፊት ነበር። የቀኙን ብቻ። አንድ ጊዜ በባቡር ጣቢያው ክበብ፣ ጢማችን ገና ሳይሞላ፣ ሠርገኛው ሁሉ እያየው፣ ዘሃራ ያንን ጫማ አንስታ ከድራሙ ኋላ ደበቀችበት፤ እሱም በአንድ እግሩ —

መብራት መጣ። ሊያ ጠራችኝ። የቀረውን ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ፣ ደብተሬ።

የሊያ ስቱዲዮ ከፎቶ ቤቱ ኋላ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ስንጥቅ ረዝሟል ወይስ ለእኔ ብቻ ነው? ሊያ ለክቼዋለሁ፣ ያው ነው ትላለች። አላመንኳትም። የመሬት መንቀጥቀጡ ጋብ ካለ ወራት አልፈዋል፤ ሰው ግን አሁንም ብርጭቆ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አያስቀምጥም። ባለቤቴ አዳማ እህቷ ዘንድ እንደሄደች ቀርታለች። በደወልኩ ቁጥር የት እንደምተኛ ትጠይቀኛለች። ውጭ እላታለሁ። ውሸት ነው። ቤት ውስጥ ነው የምተኛው፤ እንቅልፍ ግን የለም።

ከአልበሙ ዘጠኙ ዘፈን አልቋል። የቀረው አንድ፤ «ጡሩምባ»። የሐ. ጊታር አለ፣ በጥር የተቀረፀ። የእኔ ኪቦርድ አለ። የደርቤ ድራም አለ። የዘሃራ ድምፅ የለም። ያን ሰሞን ሰመራ ቤቷ ወባ ጥሏት ነበር፤ ስትድን ትገባበታለች ተባባልን። እሷ ዳነች። ረመዳን ሊገባ ሲል ሐ. ሞተ። ልቡ ነው አሉ።

የዘሃራ ባል ነበር። ጊታራችን ነበር። ስሙን ሙሉ መጻፍ እስካሁን አልሆነልኝም። ታገሠኝ።

ሊያ ቅጂዎቹን እያጠራች ነው። በጥር ስንቀርፅ መሬቱ እረፍት አልነበረውም፤ በየዘፈኑ ውስጥ ድም፣ ድም የሚል ነገር ገብቷል፤ የመስኮቱም መስታወት ይንቀጫቀጫል። እንደ ምስር አንድ በአንድ ትለቅመዋለች። ቁጡ ናት፣ ንጹሕ ሥራ ትወዳለች፤ በዚህ ከተማ እንደ እሷ ያለ ባለሙያ አላየሁም። «ጡሩምባ»ን አሰማችኝ። ጊታሩ ጥርት ብሏል። ግሩም ነው አልኳት። ነበርም።

ከሰዓት እትዬ ፋጡማ ደወሉ፤ የሐ. ታላቅ እህት። መልእክት ሊያደርሱ። ዘሃራ ማሽኑን ይዘው ይምጡ ብላለች። ዒዳዬን ሳልጨርስ፣ እዚሁ እሱ የነበረበት ቤት ውስጥ ሳለሁ እዘፍነዋለሁ፤ ከዚህ ከወጣሁ በኋላ ግን አልዘፍንም፣ ልጄ ጅቡቲ ትወስደኛለች ብላለች። እትዬ ፋጡማ ይህን የተናገሩት ያልተስማሙበትን ነገር በአደራ እንደሚያደርስ ሰው ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋን እስክትፈጽም ከቤት አትወጣም፣ ባዕድ ወንድ ፊት አትቀርብም። ይህን እናውቃለን። ዘፈንስ? አልጠየቅኩም። እንመጣለን ብዬ ዘጋሁ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 6። መንገድ ላይ፣ ሚሌን አልፈን።

ፊደሌ የሚዘልለው በደርቤ ተሳቢ መኪና ጋቢና ውስጥ ሆኜ ስለምጽፍ ነው። ደርቤ ድራማችን ነው፤ እንጀራው ግን ከረጅም ጊዜ ወዲህ የጅቡቲ መስመር ነው። ሊያ ከመካከላችን፣ ላፕቶፑን በነጠላዋ ጠቅልላ። አቧራ። ወደ ውጭ የዘረጋሁት ክንድ ተቃጠለ፤ አስገባሁት።

«ጡሩምባ»ን የጻፍኩት ከብዙ ዓመት በፊት ደርቤን ልቀልድበት ብዬ ነበር። የሾፌር ሚስት ባሏን ትጠብቃለች፦

ሎጊያ ስትደርስ ጡሩምባህን ንፋ፣
እራትህ ቀርቧል፣ መብራቴም አልጠፋ።

የሠርግ ዘፈን ነው፤ ለጭፈራ። በየመድረኩ ተዘፈነ፣ በየሠርጉ ተጨፈረበት፣ ግን ተቀርፆ አያውቅም። አሁን ዘሃራ ይህን ልትል ነው። እራትህ ቀርቧል። ከትናንት ጀምሮ በዚህች ቃል ላይ እየተመላለስኩ ነው። ግጥሙን ላስተካክለው ነው አልኩ። ደርቤ መሪውን እንደያዘ ሳቀ። መምህር፣ አንተ ስታርም ነው ያረጀኸው አለኝ፤ የሞት ጥያቄንም በቀይ እስክሪብቶ ልትመልሰው ነው።

ሎጊያ ልንገባ ስንል ደግሞ ሌላ ነገር ነገረን። ሰመራ በእነ ሐ. ሰፈር ባለፈ ቁጥር ጡሩምባ ይነፋ ነበር፤ እነሱም በር ላይ ወጥተው ይሰድቡት ነበር። ከለቅሶው ወዲህ እዚያ ሲደርስ ማርሽ ቀንሶ፣ ሞተሩን አለዝቦ ነው የሚያልፈው። የሰው ቤት እንደሚያልፍ ሌባ፣ አለ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 8። ሰመራ።

እትዬ ፋጡማ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ሕግ ነገሩን። ወንዶቹ ኮሪደር ውስጥ፣ በሩ ዝግ። ወደ እሷ የምትገባ ሊያ ብቻ። አዛን ሲባል ሁሉም ይቆማል። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ከደረሰ ወደ መጣችሁበት። ደርቤ ጎረቤት ቢጠይቅስ ብሎ አፉን ከፈተ። ቁርኣን እየቀዳን ነው እንዳትሉ፣ ዋሽታችሁ ወንጀል ውስጥ ከምታስገቡኝ ዝም በሉ አሉት። ደርቤ በሕይወቱ ዝም ብሎ አያውቅም። ዝም አለ።

ዘሃራ ያለችበት ክፍል ሁለት በር አለው። አንዱ ወደ እኛ፣ ወደ ኮሪደሩ። ሌላው ወደ ውስጥ፣ ወደ መኝታ ቤታቸው። የማይኩ ገመድ በበሩ ሥር አላልፍ አለ። ደርቤ ከመኪናው ሞረድ አምጥቶ፣ ተንበርክኮ፣ የበሩን ሥር ሞረደው። የእንጨቱ ዱቄት ጉልበቱ ላይ። የሞተ ሰው ቤት በር መሞረድ ነውር ይሆን? እትዬ ፋጡማን አየኋቸው። ጫማዬን ነበር የሚያዩት።

ከበሩ ወዲያ ድምፅዋን ሰማሁ። ከለቅሶው ቀን ወዲህ የመጀመሪያዬ።

«መምህር፣ ከስተሃል።»

በምን አየሽኝ አልኳት።

«ሳልህ ከስቷል።»

ደርቤ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። እሷም ትንሽ። ከዚያ ሁላችንም እኩል አቆምን፤ በዚህ ቤት የሚሳቅበት ልክ ስንት እንደሆነ ማንም አላወቀምና።

እሑድ፣ ግንቦት 9። ሰመራ። ከሰዓት፣ የአስር ሶላት ከተሰገደ በኋላ።

አልሆነም።

ድምፅ እንዳይገባ ቬንትሌተሩ ጠፋ። መስኮቱ በፍራሽ ተደፈነ። ኮሪደሩ ምድጃ ሆነ። ላቤ አገጬ ላይ ሲጠራቀም ማበስ ፈራሁ፣ የእጅጌዬ ድምፅ ይሰማል ብዬ። እሷ በሄድፎን ሙዚቃውን ትሰማለች፤ እኛ የምንሰማው የእሷን ድምፅ ብቻ።

መግቢያው ሙዚቃ አለቀ። ሊያ ከማያ ገጹ ላይ ጣቷን አነሳች፤ እዚህ ነው ማለቷ ነው። ዘሃራ አልገባችም።

እንደገና። ዘግይታ ገባች። እንደገና። ቀድማ ገባች። እንደገና፤ ለአረፋ የሚነዱ ፍየሎች በመስኮቱ ሥር አለፉ፣ አንዱ ጮኸ፣ ደርቤ ይህ እንኳ በቦታው ገባ ብሎ ሹክ አለኝ። አልሳቅሁም። ይህች ሴት በትኩሳት፣ በነፍሰ ጡርነት፣ መብራት በጠፋበት መድረክ ላይ ዘፍና ቦታዋን ስታ አታውቅም። ስሞቻችንን ልንስት እንችላለን፤ ዘሃራ መግቢያዋን አትስትም።

ከዚያ ከበሩ ወዲያ፣ በጣም በቀስታ፦

«እግሩ የት ሄደ?»

እትዬ ፋጡማ የሻርፓቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። በቃ፣ ለዛሬ በቃ አሉ። ሊያ ገመዱን ጠቀለለች። ደጅ ስንወጣ ሁላችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው። ሐዘኑ አእምሮዋን ነካው ብለን ነው ያሰብነው።

እንዲህ ያለውን ላንተ ብቻ ነው የምነግረው።

ሰኞ፣ ግንቦት 10። ሰመራ።

ሌሊቱን ግጥሙን ቀየርኩት። እራቱን አወጣሁ፣ መብራቱን አወጣሁ። መንገድ አስገባሁ፣ ንፋስ አስገባሁ፤ ማንንም የማያቆስል ንፋስ። ሊያ ወረቀቱን አስገባችላት። ብዙም አልቆየም። በሞረድነው ቀዳዳ ተመልሶ ወጣ።

«መምህር፣ የባሌን እራት አታንሳው።»

ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩት። ጆሮዬ ነደደ። የማላውቀውን ነገር በጥሩ ቃላት ልሸፍን ስሞክር ስንተኛዬ ነው?

ደርቤ ከጠዋት ጀምሮ ተቀይሯል። ሊያን ጊታሩን ብቻውን አሰሚኝ አላት። በሯ ላይ ሳይሆን ደጅ፣ ከመኪናው ጥላ ሥር። ሰማ። ድገሚው። ሰማ። ከዚያ መሬት እያየ ተናገረ። እኔ ለዘሃራ ቆጥሬላት አላውቅም አለ። አንድ ቀን እንኳ። ድራም መቺ ነኝ እላለሁ እንጂ ለእሷ የሚቆጥርላት ባሏ ነበር። በእግሩ።

ያን ጊዜ ጫማው ታወሰኝ።

የቀኙን ጫማ አውልቆ በተረከዙ ወለሉን ይመታ ነበር፤ መግቢያዋ ሲደርስ ጠንከር አድርጎ። እሷ ወደ እሱ አትዞርም፤ በወለሉ በኩል ይደርሳታል። በጥር እሷ ስቱዲዮ ውስጥ አልነበረችም። ሰመራ በወባ ተኝታ ነበር። እሱ ግን መታ። ለባዶው ቦታ።

ሊያ አመድ መሰለች። ድም፣ ድም የሚለውን ሁሉ መሬቱ ነው ብላ አውጥታዋለች። በዚያ ሰሞን አዋሽ ውስጥ ወለል ሲመታ ማን እግር ነው ይላል? ሁላችንም ወደ በር ነበር የምንሮጠው። እኔም ግሩም ነው ብያታለሁ። አላለቀሰችም፤ ጥፍሯን ብቻ ነከሰች። ያልተነካው ቅጂ አዋሽ፣ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ላይ መኖር አለበት አለች። ሌላ ሥራ ካልጫንኩበት። ጭነሽበታል ወይ አልኳት። አላስታውስም አለች።

ደርቤ ለመጨረሻ ጊዜ ኮሪደሩ ውስጥ ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ በራሱ ተረከዝ ወለሉን ሞከረው። ከበሩ ወዲያ ወዲያው መልስ መጣ።

«ደርቤ፣ ተው። ያንተ እግር የሚያውቀው ፍሬን ብቻ ነው።»

ረቡዕ፣ ግንቦት 12። ሎጊያ።

ደርቤና ሊያ አዋሽ ሄደዋል። ኔትወርክ የለም፤ ወይም አለ፣ ስልኬ ነው። አልጋ የያዝኩት ከጋራዥ አጠገብ ነው። ቀኑን ሙሉ ጎማ ይመታል። ድም፣ ድም። እያንዳንዱን ሳልፈልግ እቆጥራለሁ።

ዲስኩ ባይገኝስ? ያ እግር ከዚያ ሌላ የትም የለም። ሰው ይሞታል፤ ይህን እንደምንም ለምጃለሁ። ከሞተ በኋላ ደግሞ እንዲህ በጥንቃቄ፣ በደግነት፣ ንጹሕ ሥራ ተብሎ ሲጠፋ ግን—

ከዙህር ሶላት በኋላ እትዬ ፋጡማ ሰው ላኩብኝ። ሰመራ ሄድኩ። አላስገቡኝም፤ ከደጁ ጥላ ሥር ወንበር ሰጡኝ፣ እሳቸው ደፉ ላይ ተቀመጡ። ሻይ አቀረቡ። ስለ ሙቀት አወራን። ስለ ባለቤቴ ጠየቁኝ፤ መሬቱ ይረጋል፣ ኢንሻአላህ አሉ። ከዚያ ያሰቡትን አወጡት። እሑድ ከሄዳችሁ ወዲህ በግድግዳው በኩል እሰማታለሁ አሉ። ከሶላቷ በኋላ ትቀመጥና በተረከዟ ወለሉን ትመታለች። ትመታና ታቆማለች። የቀረውን እንደሚጠብቅ ሰው። ይህ ነገር ወንጀል ይሆናል ወይ? ሼኹን ለመጠየቅ አፍረዋል። እኔን፣ ክርስቲያኑን፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብድግ የምለውን ሰው ጠየቁኝ።

አላውቅም አልኳቸው። እውነቴን ነው። ተማሪ ቢጠይቀኝ የሆነ ነገር እቀባጥር ነበር።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ዲስኩ ካልመጣ ድጋሚ አልፈቅድም አሉ። ብርጭቆዬን ሲያነሱ ነው፣ ፊታቸውን አዙረው፦

«ወንድሜን ሁለት ጊዜ አትቅበሩብኝ።»

ዓርብ፣ ግንቦት 14። ሎጊያ። ከጁምዓ በኋላ።

ተገኘ።

ሊያ ከመኪናው ስትወርድ ከፊቷ አወቅኩ፤ ቢሆንም አላመንኩም፣ ካልሰማሁ። በሩን ዘግተን ጋቢናው ውስጥ ሰማነው፤ ሦስታችን፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ላብ።

ጊታሩ ያው ነው። ከሥሩ ግን አለ። ድም። ለስላሳ፣ ባዶ ተረከዝ፣ ትንሽ የሚዘገይ፤ ጉልበቱን ሲያመው እንዲያ ነበር። መግቢያዋ ሲቃረብ ጠነከረ። ከዚያ ደግሞ፣ ከዜማው መካከል፣ ለማንም ያልሆነች አንዲት ቃል፣ በትንፋሽ፦ «በይ።» ሊያ ይህችንም ቀድሞ አውጥታት ነበር። ትንፋሽ መስላት።

ወደ መጨረሻው ላይ መስታወቱ ተንቀጫቀጨ። መሬቱ ነው። ያን ቀን ትዝ ይለኛል፤ እኔና ደርቤ ተነስተን በሩን ከፍተን ነበር። እሱ አልተነሳም። መሬቱና እግሩ አብረው ይመታሉ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። ሊያ ልለየው አልችልም አለች። ቢቻለኝም አልነካውም አለች።

ደርቤ ወረደ። እየዞረ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በብረት መታ፤ ሁሉም ደህና ነበሩ።

ተስማማን። ከቅጂው ምንም አይወጣም። መስታወቱም፣ መሬቱም፣ «በይ»ም። ለእትዬ ፋጡማ ደወልኩ። ነገ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አሉ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 15። ሰመራ።

ሊያ ሄድፎኑን አስገብታላት ወጣች። ምን እንዳመጣንላት አልነገርናትም። ማን ይነግራታል? በምን አፍ? ማይኩ ውስጥ፣ ገመዱ ከበሩ ሥር፣ እኛ ኮሪደሩ ውስጥ። ደርቤ ጫማውን አውልቆ ተቀምጧል፤ የቀኙን ብቻ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ዘሃራ አንድ ነገር ብቻ አለች።

«ሲያልቅ አታስደግሙኝ።»

ሊያ አስጀመረች። ማያ ገጹ ላይ መስመሮቹ ይነሳሉ ይወድቃሉ። ለእኛ ዝምታ ነው። ሐሰን እዚያ ውስጥ፣ በእሷ ጆሮ ብቻ፣ መምታት ጀምሯል።

ጻፍኩት። ሐሰን።

ትንፋሿ ቆመ። ማይኩ የያዘው ያንኑ ነው፤ የሚቆም ትንፋሽ። ሊያ ወደ እኔ ዞረች። ላቁመው? በዓይኔ እምቢ አልኳት። ከዚያ በሲሚንቶው ወለል በኩል መጣ፤ በተቀመጥኩበት፣ በመዳፌ ሥር ተሰማኝ። ተረከዝ። የእሷ ነው። ድም። ትንሽ የሚዘገይ። በእሱ ልክ።

ገባች።

በቦታዋ። ድምፅዋ እንደ ድሮው አይደለም፤ ዝቅ ያለ፣ ጥግ ጥጉ የዛገ። ሎጊያ ስትደርስ ጡሩምባህን ንፋ። የጨፈርንበት ዜማ ነው፤ አንድም ኖታ አልተቀየረም። እራትህ ቀርቧል። እትዬ ፋጡማ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ታዩኝ። ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። አላስቆሙም። መብራቴም አልጠፋ። የመጨረሻዋን ቃል ሳበቻት፤ እዚያ ቦታ ላይ መሳብ የለም፣ አልጻፍኩላትም፣ ተለማምደነውም አናውቅም።

ሁለተኛው ስንኝ ቦታ ደረሰ። መስመሮቹ ይሄዳሉ። ደርቤ ጉልበቱ ላይ በጣቱ ይቆጥራል። አሁን። ዘሃራ አልገባችም። ተረከዟ ግን እየመታ ነው። መስታወቱ የሚንቀጫቀጭበት ቦታ መጣ፤ አለፈ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሊያ ማሽኑን አላቆመችም። ዘፈኑ አለቀ፤ መስመሩ ቀጥ አለ፤ ተረከዙ ትንሽ ቀጠለ፤ ቆመ።

ሄድፎኑ ምንጣፍ ላይ ሲቀመጥ ሰማነው። ባዶ እግር። ወደ እኛ አይደለም።

ወደ ውስጥ፣ ወደ መኝታ ቤታቸው የሚወስደው በር ተዘጋ።